ምልክቱን መገልበጥ አይበቃም

አንዲት ሴት ሻንጣዋን በአንድ እጇ ይዛ የአባቷን በር አንኳኳች።

ቤቱ ደሴ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ወደ ጦሳ ተራራ በሚወጣው አቀበት ላይ ነው። አቀበቱ አድክሟት ስለነበር ትንፋሿ ገና አልተመለሰም። በሩ ተከፈተ። ሽማግሌው ከእግር እስከ ራሷ አዩዋትና ባርኔጣቸውን አንሥተው በትሕትና እጅ ነሡ።

«ማንን ፈልገው ነው፣ እመቤቴ?»

ሴትዮዋ ሳቀች። አባቷ ጨዋታ አዋቂ ነበሩ፤ በሕይወታቸው ሙሉ የተናገሩትን ቁም ነገር ከቀልዳቸው የሚለይ ሰው አልነበረም።

«አባዬ አትቀልድ፤ ሻንጣው ከባድ ነው።»

ሽማግሌው ግን አልሳቁም። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ቤት ተሳስተው እንዳይሆን» አሉና በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።

እስቲ አስቡት፣ ወገኖቼ። «እርስዎ» የክብር ቃል ነው፤ አይደለም እንዴ? ለእንግዳ፣ ለታላቅ፣ ለማናውቀው ሰው የምንሰጠው ክብር ነው። ነገር ግን ከገዛ አባት አፍ ወጥቶ በገዛ ልጅ ላይ ሲያርፍ ምን ይመስላችኋል? ያን ቀን በዚያች ደጃፍ ላይ «እርስዎ» ከጥፊ ይልቅ አመመ።

ሴትዮዋ ትርሲት ትባላለች። የመንገድ መሐንዲስ ናት። ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወስዳ የመጣችው የአባቷ ጎረቤት እትዬ ዘሀራ ስልክ ስለ ደወሉላት ነው። «አብሽሪ ልጄ፤ ግን ቶሎ ነይ። አባትሽ ትናንት የገዛ ቤታቸውን መንገድ እኔን ጠየቁኝ» ነበር ያሏት። ያን ቀንም ደጃፉን ያስከፈቱላት እሳቸው ናቸው። ትርሲት እርጅና ነው ብላ አስባ ነበር። እርጅና ብቻ አልነበረም። ሐኪሙ ለሕመሙ ስም ሰጠው፤ መድኃኒት ግን አልሰጠውም።

አባቷ መምህር ደጀኔ የፊዚክስ አስተማሪ ነበሩ። በከተማው ካሉት መሐንዲሶችና ሐኪሞች ብዙዎቹ በእጃቸው አልፈዋል። ተማሪዎቻቸው ግን በስማቸው አይጠሯቸውም፤ «ተዳፋት» ይሏቸዋል። ለምን ቢሉ፣ በየዓመቱ፣ በየፈተናው፣ አንድ የማትቀር ጥያቄ ነበረቻቸው።

ጥያቄዋ እንዲህ ናት። አንድ ሸክም ተዳፋት ላይ ተቀምጧል። ገመድ ታስሮበታል። ገመዱ ሽቅብ ወጥቶ፣ በተዳፋቱ ጫፍ ባለ መዘውር ላይ ዞሮ፣ በወዲያ በኩል ሌላ ሸክም አንጠልጥሏል። ሁለቱ ሸክሞች በአንድ ገመድ ተቆራኝተዋል፤ አንዱ ሳይሄድ ሌላው አይሄድም። እንግዲህ ማን ማንን ይስባል? የተዳፋቱ ሸክም ሽቅብ ይወጣል ወይስ ቁልቁል ይንሸራተታል?

ተዳፋቱ እንደ መስተዋት የለሰለሰ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር። ነገር ግን ሻካራ ነው። ሻካራ ነገር ላይ የሚንሸራተተውን ሁሉ ወደ ኋላ የሚይዝ ኃይል አለ፤ እሱን ሰበቃ ይሉታል። «የነገር ሰበቃ አላልኩም! የነገር ሰበቃማ እናንተ መጨረሻ ወንበር ላይ ያላችሁት ከእኔ ይልቅ ታውቁበታላችሁ» ሲሉ ክፍሉ በሳቅ ይናወጣል። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

«ሰበቃ የራሱ መንገድ የለውም። ሸክሙ ሽቅብ ሲሄድ ቁልቁል ይጎትተዋል፤ ቁልቁል ሲሄድ ሽቅብ ይይዘዋል። ስለዚህ ቀስቱን ከመሳላችሁ በፊት ሸክሙን ጠይቁት፤ ‘ወዴት እየሄድክ ነው?’ በሉት።»

እንደዚህ ያስተምሩ የነበሩ ሰው ናቸው እንግዲህ የገዛ ልጃቸውን «ቤት ተሳስተው እንዳይሆን» ያሏት።

ትርሲት ምን አደረገች? እናንተም የምታደርጉትን አደረገች። አባቷን ወደ ነበሩበት ልትመልስ ቆረጠች። ትዝታቸው ቁልቁል ተንሸራትቷል፤ ስለዚህ ሽቅብ መሳብ ነው፤ እንዲህ አሰበች። የማይገፋ ተራራ ሲገፋ ያየች መሐንዲስ አይደለችም?

በየማለዳው አጠገባቸው ወንበር ስባ ትቀመጥና ትጠይቃቸዋለች።

«አባዬ፣ እኔ ማን ነኝ?»

«እንግዳ ነዎት። እንኳን ደኅና መጡ።»

«ልጅህ ነኝ። ትርሲት። ትርሲት በል።»

ከዚያ ከግድግዳው ላይ የእናቷን ፎቶግራፍ ታወርዳለች።

«ይህቺስ ማን ናት?»

ያን ጊዜ የሽማግሌው ፊት ይበራል። «ባለቤቴ ናት! አልጋነሽ። ገበያ ወጥታ ነው፤ አሁን ትመጣለች።»

«አይደለም አባዬ፤ አስታውስ እንጂ! እማዬ ሞታለች። ቀብረናታል። አንተም አብረኸን ነበርክ።»

ወገኖቼ፣ በአገራችን መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ሽማግሌ ይመረጣል፤ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ባለ ሐዘኑ ብቻውን እንዳይወድቅ ግራና ቀኝ ሰው ይቆማል። ደግሞ መርዶ አንድ ጊዜ ነው። መምህር ደጀኔ ግን የሚስታቸውን ሞት በየማለዳው እንደ አዲስ ሰሙ። ግራና ቀኝ የቆመ ሰው አልነበረም። በየማለዳው እንደ አዲስ አለቀሱ። እስከ ቀትርም ያለቀሱበትን ምክንያት ይረሱታል፤ ሐዘኑ ግን ደረታቸው ላይ ይቀራል። ከየት እንደ መጣ የማያውቁትን ሐዘን ተሸክመው ከክፍል ክፍል ይዞራሉ።

አንድ ቀን ትርሲት ጓሮ ልብስ ስታሰጣ፣ አባቷ በአጥሩ ላይ ከእትዬ ዘሀራ ጋር ሲያወሩ ሰማች።

«ያቺ መርማሪ ሄደች ወይስ አለች?»

«የትኛዋ መርማሪ፣ ጋሼ?»

«ጠዋት ጠዋት የምትመጣዋ ናታ! ሚስትህ ሞታለች የምትለኝ። ምን ብበድላት ነው፣ ዘሀራ?»

ትርሲትም እርጥቡን አንሶላ እንደ ያዘች ቆማ ቀረች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠባይዋን ለወጠች። ቁጣው ቀረ፤ ልመናው መጣ። የእናቷን ሞት መንገር ተወች። ድምፅዋን አለሳለሰች፤ የሚወዱትን ቅንጬ በቅቤ ሠርታ ታቀርባለች። «አባዬ፣ በእናትህ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ስሜን ጥራኝ። አንድ ጊዜ!» ትላለች። እንባዋ ይቀድማታል። ሽማግሌው ደግሞ የማያውቋት ሴት ፊታቸው ተቀምጣ የምታለቅስበት ምክንያት ጨንቋቸው ሳህኑን በእጃቸው ገፋ ያደርጉታል።

«እግዜር ይስጥልኝ፤ እርስዎ ይብሉት።»

እየከሱ ሄዱ። ከእጇ መብላት ትተው ነበርና ትርሲት ፈራች። ሐኪሙም «እንዲህ ከቀጠሉ ከበሽታው በፊት ረሃብ ይወስዳቸዋል» አላት።

ክረምት ነበር። ዝናቡ ከጦሳ ወርዶ ጣራውን ሲደበድብ በዋለበት አንድ ከሰዓት፣ ትርሲት ጓዳውን ስታስተካክል፣ አባቷ የሰፈር ልጆችን ያስጠኑበት የነበረውን ጥቁር ሰሌዳ አወጣችና ከግድግዳ አስደገፈችው። ልትወለውለው ነበር። መምህር ደጀኔ አዩት። ከተቀመጡበት ተነሡ። ኪሳቸውን ዳበሱ፤ ከዚያ ከመስኮቱ ደፍ ላይ ስባሪ ጠመኔ አንሥተው እፍ አሉበት።

እጃቸው አልረሳም ነበር። አንድ ቀጥ ያለ ጋደል መሥመር ሳሉ። ሸክሙን ሳሉ። መዘውሩን፣ ገመዱን፣ የተንጠለጠለውን ሸክም ሳሉ። ቁጥሮቹን ጻፉ። ከዚያ ዞረው ትርሲትን አዩዋት፤ ጠመኔውንም ዘረጉላት።

«ነይ፤ ሰሌዳ ውጪ።»

ልብ በሉ፤ «ይውጡ» አላሉም። «ውጪ» አሉ። ከመጣች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቷ «አንቺ» አሏት።

ጠመኔውን ተቀበለች። መሐንዲስ አይደለችም? ይህን ጥያቄ በእንቅልፍ ልቧ ትሠራዋለች። ሸክሙ ሽቅብ ይወጣል ብላ ገመተች። ሽቅብ ለሚወጣ ሸክም ሰበቃው ቁልቁል ነውና ቀስቱን ቁልቁል ሳለች። ደመረች፤ ቀነሰች፤ አካፈለች። መልሱ የመቀነስ ምልክት ይዞ ወጣ። የመቀነስ ምልክት ማለት «ግምትሽ ስቷል፤ ሸክሙ ሽቅብ አልወጣም» ማለት ነው። ትርሲትም ቸኩላ ምልክቱን በጣቷ አጠፋችና «ቁልቁል ይወርዳል» ብላ ከመልሱ ሥር አሰመረችበት።

መምህሩ ሰሌዳውን ረዘም ላለ ጊዜ አዩት። የጥንት ፈገግታቸው በከንፈራቸው ጥግ ብቅ አለ።

«ምልክቱን ገለበጥሽው?»

«አዎ።»

«ሰነፍ! ተዳፋቱ ልስልስ ቢሆን እምርሽ ነበር። ሰበቃ አለ እኮ። ሰበቃውን ወዴት ነው የሳልሽው?»

«ቁልቁል።»

«ሸክሙስ ወዴት ነው ያልሽው አሁን?»

«ቁልቁል።»

«ታዲያ አየሽ? ሸክሙ ቁልቁል፣ ሰበቃውም ቁልቁል። ሊይዘው የተፈጠረውን እንዲገፋው አደረግሽው! እንደዚህማ ከሆነ ምስኪኑ ሸክም ያለ አንቺ ይሻለው ነበር።»

ትርሲት የሳለችውን ቀስት ደግማ አየች።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አለች።

«ምን ትጠይቂኛለሽ! ደምስሺው። ሁሉንም። ሲነሣ ወዴት እየሄደ እንደ ነበር ጠይቂና ከመጀመሪያ ጀምሪ።»

በመዳፏ ደመሰሰችው። ከዚያ ጠመኔ የነካውን መዳፏን ፊቷ ላይ አድርጋ ወደ ጓሮ ወጣች፤ በዝናቡ ውስጥ ቆማ አለቀሰች።

ምን እንደ ገባት ላስረዳችሁ? ጀማሪ ተማሪ የሚሠራውን ስሕተት መሐንዲሷ ትርሲት ለምን ሠራች? ሒሳብ አጥታ አይደለም። ሸክሙ ሽቅብ እንዲወጣ ስለ ፈለገች ነው። አባቷ ይመለሳሉ ብላ ጀምራ ነበር። ቁጣዋም ልመናዋም የተሠሩት በዚያው ግምት ላይ ነው። ቁጣውን ወደ ልመና ስትለውጥ ምልክቱን ገለበጠች እንጂ ሥሌቱን አልለወጠችም። አባቷ ደግሞ ቁልቁል እየወረዱ ነበር፤ የሚመልሳቸውም አልነበረም። ሊይዛቸው የተፈጠረው እጅ ይገፋቸው ነበር።

በማግስቱ ማለዳ ትርሲት ቀስ ብላ ከቤት ወጣች። በሩን ከውጭ ዘጋችው። ከዚያ አንኳኳች።

«ማንን ፈልገው ነው፣ እመቤቴ?»

አንገቷን ሰበር አደረገች።

«ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የተዳፋቷ ጥያቄ አልገባ ብላኝ ነው።»

ሽማግሌው ጠጋ ብለው አዩዋት። «ከየትኛው ክፍል ነሽ?»

«አሥራ አንደኛ ሐ።»

ሽበቷን አዩና «የማታ ተማሪ መሆን አለብሽ» አሉ፤ ራሳቸውም ሳቁ። «ምንም አይደል፤ ዕውቀት ዕድሜ አይጠይቅም። ግቢ።»

ዋሸች ትሉኝ ይሆናል። አልዋሸችም። አሥራ አንደኛ ሐ ተምራለች፤ ያስተማሯትም እሳቸው ናቸው። እሷ ያደረገችው አባቷ ያሉበት ድረስ መውረድ ብቻ ነው። ዋጋውስ? ወገኖቼ፣ በቋንቋችን አባቱን «አንተ» ብሎ መጥራት የሚችል ማን ነው? ልጅ ብቻ። ትርሲት ያንን «አንተ» ደጃፉ ላይ አስቀምጣ «እርስዎ» እያለች ገባች። «አንቺ» መባልን የገዛችው «አንተ» ማለትን ከፍላ ነው።

መምህር ደጀኔ መብላት ጀመሩ። እንግዳ የገባበት ቤት ባለቤት ካልቆረሰ እንግዳው አይበላም፤ ይህን ወግ በሽታው አልነጠቃቸውም። «ተማሪ ባዶ ሆዷን አታስብም፤ ብዪ» ይሏታል፤ እሷም እንዲበሉ ብላ ትበላለች። ስለ ሚስታቸው ሲያነሡ «ገበያ ናት» ይላሉ፤ ትርሲት «እንጠብቃታለን፣ ቲቸር» ትላለች፤ ሁለቱም በመስኮቱ ወደ አቀበቱ ያያሉ። እንደማትመጣ የምታውቀው ግን ትርሲት ብቻ ናት።

አንድ ጊዜ ታዲያ አመለጣት። ወጥ ልብሳቸው ላይ ሲፈስ ደንግጣ «አባዬ!» አለች። ሽማግሌው ማንኪያውን አስቀመጡ። ዐይናቸው ቀዘቀዘ። «እርስዎ ማን ነዎት?» አሏት። ሁለተኛ አልደገመችውም።

ሌላ ጊዜ፣ ሰሌዳው ፊት ቆማ ጠየቀቻቸው። «ቲቸር፣ ከሁለቱ የትኛው ነው ገመዱ የሚያስጨንቀው? ተዳፋቱ ላይ ያለው ወይስ የተንጠለጠለው?»

«የገመድ ውጥረት ለሁለቱም አንድ ነው። አንዱ ቀላል፣ አንዱ ከባድ መስሎ ይታይሻል እንጂ ገመዱ አያዳላም» አሏት።

ክረምቱ እየገፋ ሲሄድ ቁጥሮቹ ጠፉ። ቀጥሎ መዘውሩ ጠፋ። በኋላ የቀረችው አንዲት ጋደል ያለች መሥመር ብቻ ነበረች፤ እሷኑ ደጋግመው ይስሏታል። ትርሲትም ከሥርዋ ቁጭ ብላ «ገባኝ፣ ቲቸር» ትላለች።

አንድ ቀን አልጋቸው ላይ ተደግፈው ሳሉ አተኩረው አዩዋት። ድምፃቸው ደክሟል።

«ጎበዝ ነሽ። ጀምሪ ስልሽ ትጀምሪያለሽ፤ አትሰለቺም። አባት አለሽ?»

«አለኝ።»

«ይኮራብሻል?»

ትርሲት መልሱን ፈለገችው። «እንጃ፣ ቲቸር። ነግሮኝ አያውቅም።»

«እንዲህ ናቸው አባቶች» አሉና ፈገግ አሉ። «ሰላም በዪልኝ። ‘መምህር ደጀኔ የተባረከች ልጅ አለህ ብለዋል’ በዪው። አትርሺ።»

«አልረሳም።»

አሁን እናንተ የምትጠብቁትን አውቃለሁ። በመጨረሻዋ ሰዓት ዐይናቸውን ገልጠው «ትርሲት፣ ልጄ» እንዲሉ ትፈልጋላችሁ። እኔም እፈልግ ነበር። አላሉም። መምህር ደጀኔ ዝናቡ ሳያባራ፣ አንድ ማለዳ፣ እጃቸው በአንዲት የማታ ተማሪ እጅ ውስጥ እንዳለ ዐረፉ። ስሟን አልጠሩም።

ከቀብሩ በፊት፣ ሬሳው ከቤት ሊወጣ ሲል፣ ትርሲት ሳጥኑ ላይ ጎንበስ ብላ «አባዬ፤ አንተ» አለች። ከዚህ በኋላ የሚደነግጥባት አልነበረም።

ወገኖቼ፣ ይህን የነገርኳችሁ ስለ መርሳት በሽታ ላስተምራችሁ አይደለም።

እናንተ ማንን እየሳባችሁ ነው? በፈተና የወደቀውን ልጃችሁን? ከሥራ ወጥቶ ቤት መዋል የጀመረውን ባላችሁን? ልጇን ከቀበረች በኋላ ቤተ ክርስቲያን መምጣት የተወችውን እኅታችሁን? መቼም ገመዱን አልለቀቃችሁም፤ ይህን እመሰክርላችኋለሁ። እጃችሁ እስኪላጥ ትስባላችሁ። ግን ጠየቃችሁት? አንድም ቀን ፊቱን እያያችሁ «ወዴት እየሄድክ ነው?» አላችሁት? ወይስ ሽቅብ እንዲወጣ ስለ ፈለጋችሁ ብቻ ሽቅብ ይወጣል ብላችሁ ቀስታችሁን ሳላችሁ?

ከመሳት የሚያመልጥ የለም። ችግሩ ስሕተታችን ሲታወቅ የምናደርገው ነው። የጮኸው ያቆላምጣል፤ የዘጋው ስጦታ ይገዛል፤ የተቆጣችው ታለቅሳለች። «ይቅርታ ጠይቄያለሁ፤ ምን ቀረኝ?» እንላለን። ምልክቱን ገልብጠን መልሱን እናስረክባለን። ግምቱ ግን ያው ነው፤ የእኛ ግምት። በፍቅር ስም የያዝነው ሰው በፍቅራችን እየተገፋ ይወርዳል፤ እኛም «ይህን ያህል ይዤው እንዴት ወደቀ?» ብለን እናዝናለን።

እግዚአብሔር እኛን ሲፈልግ ከላይ ቆሞ «ስሜን ጥሩ፤ ያን ጊዜ አውቃችኋለሁ» አላለም። እኛ ወዳለንበት ወረደ። ደጃፋችንን እንደ እንግዳ አንኳኳ፤ ክብሩንም ውጭ ትቶ ገባ። ያላወቅነው ብዙዎች ነን። ሳናውቀው መገበን።

እንግዲህ ደምስሱ። በዓመታት የገነባችሁት ሥሌት ነውና መደምሰሱ ያማል፤ ያማል ብላችሁ ግን አታቆዩት። ትርሲት ጥቂት ሳምንታት አገኘች፤ እነሱን እንኳ ልታጣ ነበር።

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ፣ ቤታችሁ ላለው ለዚያ ሰው ምንም አታስተምሩት። አትምከሩት። አታባብሉት። አጠገቡ ተቀመጡና ጠይቁት፤ መልሱም የማትወዱት ቢሆን እስከ መጨረሻው ስሙት።